ሽታዬ

በሦስተኛው ቀን፣ ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝን ሲያልፍ፣
ኮርኒሱ ላይ የቀረው የክረምት እድፍ
መጀመሪያ በሬ ሆነ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣
ቀጥሎ አባቴ፣ ባርኔጣውን እንደደፋባት።
ሳያናግረኝ አለፈ።

«ቫይረስ ነው» አለኝ ሐኪሙ፣ ከራቀ ወንበር፣
«መድኃኒት የለውም፤ ውኃ ጠጣ፣ ተኛ፣ ለብቻህ እደር።»
ሰፈሩ ግን ቀድሞ ስም አውጥቶለታል፤
አንዱ «ምች ነው» ሲል፣ ሌላው «ብርድ» ይላል፤
አለቃዬ ዘርጋው፣ ከአጥር ማዶ ቆሞ፦
«ካርቡራተሩ ነው፤ ቢነፋ ይለቃል።»

ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል፤
ግድግዳዋ ጭቃ፣ በአሮጌ ጋዜጣ የተለበጠ፤
ከጎን ሲያስነጥሱ «ይማርሽ» እላለሁ፣
ጋዜጣው እየተንቀጠቀጠ።

ከጎን ያለችው እትዬ ሽታዬ ናት፤
ጊዮርጊስ አጠገብ ሎተሪ ሻጭ፣ ጃንጥላዋ ቀይ፣ ድምፅዋ እሳት።
«ነገ የሚወጣ!» ትላለች፣ ለደረሰውም ላልደረሰውም፤
ለእኔም በግድግዳው በኩል፣ ስለ ትኩሳቱ፣
«ነገ ይወጣል» አለች። አልወጣም።

ማለዳ ማለዳ ደጄ ላይ ሳህን ታስቀምጣለች፣
በሩን ሁለቴ መትታ ትሸሻለች፣
ደወል ነክቶ እንደሚሮጥ ልጅ፤
የነጠላዋን ጫፍ ብቻ ነው የማየው ከደጅ።
የአጃ ሾርባ፣ ነጭ ሽንኩርት የወረረው፤ ዳማከሴ በፌስታል፤
«ጨምቀህ ጠጣው፣ ፊትህን አዙረህ፤ ይመርራል!»

አልመረረኝም።
ያኔ ነው የገባኝ።
ነጭ ሽንኩርቱን አፍንጫዬ ሥር ያዝሁ፤ ድንጋይ።
ናፍጣ የጠጣ ቱታዬን አቀፍሁ፤ ጨርቅ።
ሎሚ ሰነጠቅሁ፤
ቢጫው ብቻ መጣ፣ ሌላው ዝም አለ።

እኔ እኮ የመኪናን በሽታ የማውቀው በሽታው ነው፤
ፍሬን ሲነድ፣ ዘይት ሲያር፣
ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ ነው የሚያነበው።
አሁን በሽታ አለብኝ፣ ሽታ የለኝም፤
ሽታዬ ከግድግዳው ማዶ ታንጎራጉራለች፣
ሽታዬ ግን ከእኔ ጋር የለም።

ሌሊት፣ ታክሲው ወደ ፒያሳ ዳገቱን ሲወጣ፣
ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሹ ሲመጣ፣
በጆሮዬ እከተለዋለሁ፤
ደረቴም ዳገት ላይ እንደቆመ ጭነት፣
እግሬ ብርድ ልብሱ ሥር ፍሬን እየረገጠ፣
እንዲያው ያንቀላፋሁ ይመስለኛል።

በአሥራ አንደኛው ቀን ላብ አልጋዬን አጠበው።
በማግሥቱ እስከ ግቢው ቧንቧ ሞከርሁ፤ አሥራ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤
ሰባተኛው ላይ ጀሪካን አገኘሁ፣ ተቀመጥሁበት።
የዘርጋው ልጅ ናሆም «ጋሼ፣ አረጀህ እንዴ?» አለኝ።
ሠላሳ አራቴ ነው።
ለመመለስ ትንፋሽ አልነበረኝም።

ከዚያ ያ ቅዳሜ።
ሌሊቱን ዘንቦ፣ ወንዙ ሞልቶ ጎድሎ፣
የላይ ሰፈሩን ጉድ ተሸክሞ፣ አግተልትሎ፣
ድልድዩ ሥር ተኝቶ ፀሐይ ሲያገኘው፣
አንድ ነገር በመስኮቴ ገባ፤
አፍንጫዬን በጥፊ አለው።
የበሰበሰ ጎመን፣ ሽንት ቤት፣ የሞተ ነገር፣
ከልጅነቴ ስረግመው የኖርሁት አየር!
ዘልዬ ተነሣሁ፤ «ሸተተኝ!» ብዬ ጮህሁ፤ «ኧረ ሸተተኝ!»
ከማዶ ዝም።
ቀጥሎ እትዬ ሽታዬ፣ ቱግ ብላ፦
«እኔንስ አርባ ዓመት ሲሸተኝ ማን ሰማኝ?»

ሳቅሁ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ መልሶ ሳቅ፤
በሁለት ወገን ጋዜጣው ሲሳሳቅ።

ከሰዓት ሳህኖቿን አጥቤ ወሰድሁላት፣ ሰባት ናቸው።
ባዶ ሳህን አይመለስም፤ ከላይ ሦስት ሎሚ ጣል አደረግሁባቸው።
አንዱን አነሣች፣ በጥፍሯ ጫር አድርጋ፣
ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፣ ዓይኗን ጨፈነች።
እኔ ደጃፏ ላይ ቆሜ፣ በሩን ተደግፌ፣
ሎሚውን ከፊቷ ላይ አነበብሁት፤
ለእኔማ ቢጫው ብቻ ነው፣
ሌላው እስካሁን ዝም እንዳለ።